ከሻወሩ በፊት ሽቦው፦ «ቦይለራችሁን አውልቁ» ላለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ነበር። ሦስት ደንበኞቼ ልከውልኛል። አንዷ እንዲያውም «እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?» የምትል ቁጣ ጨምራበታለች። ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይሄ ነው። ቦይለር ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ነው፣ መብራት ይበላል፣ ስለዚህ አውልቁትና ውሃው እያለፈ የሚያሞቀውን የኤሌክትሪክ ሻወር ግዙ። ስትገዙ ትልቁን ዋት፣ 7,500 የሚለውን ምረጡ። አካሉ ፕላስቲክ ስለሆነ ኤርዝ አያስፈልገውም። ካላሞቀ ፎርጅድ ነው። የውሃ ግፊት አያሳስብም። ደግሞም ማንም ሰው በ20 ደቂቃ ይገጥመዋል።

እኔ ኤሌክትሪሻን ነኝ። ከልደታ እስከ አራት ኪሎ፣ ከሜክሲኮ እስከ ካዛንቺስ 14 ዓመት ሙሉ የሰው መታጠቢያ ቤት ስገባ ስወጣ ኖሬአለሁ። ጸሐፊውን አላውቀውም፣ ክፉ ሰውም አይመስለኝም። አንዳንድ ያለው ነገር ልክ ነው፣ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ። ችግሩ ግን ይሄን አምኖ ቅዳሜ መርካቶ ወርዶ ካርቶን ታቅፎ የሚመለስ ሰው እሁድ ጠዋት የሚደውለው ለእኔ ነው፣ እኔ ደግሞ እሁድ ጠዋት ስልክ ማንሳት አልወድም። ስለዚህ ቀድሜ ልጻፍ። የእሱን ቅደም ተከተል ይዤ እሄዳለሁ።

«ሻወሩ የሚበላው የቦይለርን ግማሽ መብራት ነው»

ውሃ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ጉልበት በዕቃው ዓይነት አይቀየርም። ቦይለር ያሙቀው፣ ሻወር ያሙቀው፣ በድስት ይጣድ፣ ያው ነው። ታኅሣሥ ላይ አንድ ደንበኛዬ ቤት የቧንቧውን ውሃ በቴርሞሜትር ለክቼዋለሁ፣ ሴትየዋ «ይሄ ደግሞ ምን ሊያደርግ ነው» በሚል ዓይን እያየችኝ። 16 ዲግሪ ነበር። ይሄን ውሃ ገላ ደስ ወደሚለው 39 ዲግሪ ለማድረስ፣ አንድ ሰው 35 ሊትር ቢታጠብበት፣ 0.94 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። በሁለቱም ዕቃ።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ቦይለር ያሞቀውን ይዞ ይቆያል፣ ሲቆይ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ያሞቃል። ደህና ሽፋን ያለው ባለ 50 ሊትር ቦይለር ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ቢውል በዚህ መንገድ የሚያባክነው በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። አሁን አስሉት። አራት ሰው በየቀኑ የሚታጠብበት ቤት ለውሃው 3.75፣ ለብክነቱ 1፣ በድምሩ 4.75 ይሆናል። በሻወር ቢሆን 3.75። የሚተርፈው አንድ አምስተኛ ያህል ነው እንጂ ግማሽ አይደለም። ቦይለሩን ከመታጠቡ ሁለት ሰዓት በፊት አብርቶ ሲጨርስ የሚያጠፋ ቤት ደግሞ (እናቶቻችን ያሳደጉን እንደዚያ ነው፣ «ቦይለሩ በርቷል እኮ!» የሚል ጩኸት ያልሰማ ልጅ አለ?) ልዩነቷ ከዚያም ታንሳለች።

ብቻውን የሚኖርና ቦይለሩን ለዓመት የማያጠፋ ሰው ከሆነስ? ያኔ ለውሃው 0.94፣ ለብክነቱ 1። እዚህ ጋ ልክ ነው፣ ግማሹ ባከነ። ወንድማችን ብቻውን የሚኖር ይመስለኛል።

ሂሳቡን ቀለል አድርጎ ማየትም አይገባም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው፣ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር ደግሞ ወደ ውዱ ደረጃ ትገባላችሁ። ስለዚህ መቆጠብ ጥሩ ነው። ግን የቦይለሩን ማብሪያ ማጥፋት ከአዲስ ሻወርና ከአዲስ መስመር ይረክሳል። ነጻ ነው እኮ።

«ትልቁን ዋት ግዙ»

እዚህ ላይ ቆም እንበል።

ዋት ማለት የፍጥነት ነገር ነው። 3,500 ዋት ሻወር ያንን 16 ዲግሪ ውሃ ወደ 39 እያደረሰ በደቂቃ 2.2 ሊትር ይሰጣችኋል። 5,500 ዋት 3.4 ሊትር። 7,500 ዋት 4.7 ሊትር። በጀሪካን ካሰባችሁት፣ 20 ሊትሯን ለመሙላት የመጀመሪያው 9 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 6 ደቂቃ፣ ሦስተኛው ከ4 ደቂቃ ትንሽ በላይ ይፈጅበታል ማለት ነው። ስለዚህ ጸሐፊው «ትልቁ ይሻላል» ሲል የሚያወራው ስለ ውሃው ከሆነ እውነቱን ነው። ከትልቁ ሥር መቆም ደስ ይላል።

ያላወራው ስለ ሽቦው ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። 5,500ን ለ220 ስታካፍሉት 25 አምፔር ይመጣል። 7,500 ከሆነ 34 አምፔር። አብዛኛው ቤት ውስጥ ወደ ሶኬት የሚሄደው ሽቦ ደግሞ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው፣ እሱም ለ16፣ ቢበዛ ለ20 አምፔር ታስቦ የተዘረጋ። ከማከፋፈያው እስከ መታጠቢያ ቤቱ 15 ሜትር ቢኖር፣ በዚች ሽቦ 25 አምፔር ስታሳልፉ ከ130 ዋት በላይ ሙቀት ግድግዳው ውስጥ ይቀራል። የድሮውን ባለ 100 ዋት አምፖል በእጃችሁ ነክታችሁ ታውቃላችሁ? ከዚያ የበለጠ ግድግዳ ውስጥ ቀብራችሁ ለሰናችሁበት ማለት ነው። ያውም ሙቀቱ በእኩል ቢበተን ነው። አይበተንም። መጋጠሚያው ላይ ይከማቻል።

ባለፈው ዓመት ሰንጋ ተራ አካባቢ አንድ ቤት ስካቶላ፣ ግድግዳ ላይ ሽቦ የሚጋጠምበትን ሳጥን፣ ከፈትኩ። ክዳኑ በካቻቢቴ አልነሳ አለኝ፣ ከሳጥኑ ጋር ቀልጦ ተጣብቋል። ስሰብረው ውስጡ ሁለት ሽቦ ተጠማዞ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ናስትሮው እንደ ከረሜላ ሆኗል። የሽቦው ፕላስቲክ አንድ ጣት ያህል ርዝመት ከስሎ መዳቡ ጥቁር ሆኗል። ስነካው ተሰበረ። የቤቱ ባለቤት «ሲበራ ትንሽ የሚሸት ነገር አለ» ብሎ ነበር የጠራኝ፣ ሽታውም ከሻወሩ እንደሚመጣ ነበር የመሰለው። ሻወሩ ምንም አልሆነም፣ አሁንም ይሠራል።

ሌላ ደግሞ አለ። ምጣድ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል፣ ማለትም ከ16 ገደማ እስከ 18 አምፔር። ሻወሩ 25 ላይ ሲደመርበት ከ40 ያልፋል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን አንዱ ሻወር ሲከፍት ቤቱ በሙሉ ጨለመ የሚባለው ታሪክ ይሄ ነው፣ መብራት ኃይልን መርገም አያስፈልግም፣ ከቆጣሪው ሥር ያለችው ብሬከር ሥራዋን ነው የሠራችው። የከፋው ብሬከሯን «አስቸገረች» ብሎ በትልቅ የሚቀይር ባለሙያ ነው። ሽቦውን ሳይቀይር። ያኔ ሽቦው ራሱ ፊዩዝ ሆነ ማለት ነው።

የእኔ ምክር፦ ለ5,500 ዋት ከማከፋፈያው ቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር፣ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ የራሱ 32 አምፔር ብሬከር። 4 ሚሊ ሜትር ካሬም ለአጭር ርቀት ይሸከማል፣ እኔ ግን አልወደውም። 7,500 ከሆነ 6 ካሬ ዝቅተኛው ነው፣ ብሬከሩም 40 ይሆናል፣ የቤታችሁ ዋና ብሬከር ራሱ 40 ከሆነ ደግሞ ስትታጠቡ ፍሪጁንም አስቡት። ለመሀል ከተማ ኮንዶሚኒየም እኔ ከ5,500 በላይ ገጥሜ አላውቅም። ግጠም ያሉኝ ነበሩ።

ዕቃውን ስትገዙ ደግሞ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቮልት አንብቡ። ይሄ ዓይነት ሻወር ብራዚል ውስጥ የተወለደ ዕቃ ነው፣ እዚያ 127 ቮልት የሚጠቀሙ ከተሞችም 220 የሚጠቀሙም ስላሉ ለየቮልቱ ለየብቻ ይመረታል። 127ቱን እኛ ቤት ብታስገቡት ውሃውን ከማሞቁ በፊት ራሱን ያቃጥላል።

«አካሉ ፕላስቲክ ስለሆነ ኤርዝ አያስፈልገውም»

ይሄን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ነው ምላሽ ልጽፍ የወሰንኩት። ሌላውን ሁሉ በዝምታ አልፈው ነበር።

የረከሱትን ሻወሮች ክዳን ስትከፍቱ ውስጡ የምታዩት እንደ ምጣድ ሽቦ የተጠቀለለ ሬዚስታንስ ነው፣ እርቃኑን። ውሃው በላዩ ላይ ነው የሚያልፈው። መብራት ያለበት ሽቦና ገላችሁ ላይ የሚወርደው ውሃ በቀጥታ ይነካካሉ ማለት ነው። ታዲያ ሰው ለምን አይሞትም? የቧንቧ ውሃ መብራት እንደ መዳብ አያስተላልፍም፣ ትንሽ ነው የሚያሾልከው። ለዚያች ለምትሾልከው ደግሞ ፋብሪካው ውሃው የሚያልፍበት ቦታ ላይ አንዲት ብረት አስቀምጦላታል፣ ከብረቷም አረንጓዴ ወይም አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ይወጣል። ኤርዝ ማለት እሷ ናት። ያመለጠው መብራት ወደ እናንተ ከመድረሱ በፊት ወደ መሬት የሚሄድባት መንገድ።

ስለዚህ የዕቃው አካል ፕላስቲክ መሆኑ ምንም አይጠቅምም። የሚነዝራችሁ አካሉ አይደለም፣ ውሃው ነው። ፕላስቲክ ስለሆነ እንዲያውም ያመለጠው መብራት የሚሄድበት ሌላ መንገድ የለውም። ብራዚሎችም የኤርዝ ሽቦዋን ግዴታ አድርገዋታል፣ ከእነሱ በላይ ይሄን ዕቃ የሚያውቅ የለም። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ጠቅልለን ጣሪያው ውስጥ እንሸጉጣታለን። ወይም በፒንሳ ቆርጠን እንጥላታለን፣ «ትርፍ ናት» ብለን።

አንዲት እናት ነበሩ፣ ፒያሳ ጀርባ፣ አራት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ። ደወሉልኝና «ልጄ፣ ቧንቧው ይቆነጥጠኛል» አሉኝ። ሄድኩ። ሻወር የላቸውም። ቦይለር የላቸውም። ያለቻቸው ግቢ ውስጥ የቆመች አንዲት የብረት ቧንቧ ናት፣ መክፈቻዋ ላይ አሮጌ የሻሽ ቁራጭ ተጠምጥሞ በክር ታስሯል። «ይሄ ምንድን ነው እትዬ?» ስላቸው «ጨርቅ ሲሆን አይቆነጥጥም» አሉኝ። ደግሞ ውሃ ሲቀዱ የፕላስቲክ ጫማ ያደርጋሉ። ማንም ሳይነግራቸው እኔ ትምህርት ቤት የተማርኩትን ደርሰውበታል።

ቴስተሬን ቧንቧው ላይ ሳደርግ ምንም የለም። ትንሽ ቆይቼ እንደገና ሳደርግ በራ። እንደገና ጠፋ። ግራ ገብቶኝ ቁጭ አልኩ፣ ቡና አፈሉልኝ፣ ሁለተኛው ስኒ ላይ ነገሩ ተገለጠልኝ፦ ቴስተሩ የሚበራው የጎረቤቱ ልጅ ገላውን ሲታጠብ ነው። ጎረቤታቸው የኤሌክትሪክ ሻወር አስገጥመዋል፣ የገጠመላቸው ሰው ደግሞ በግቢው ኤርዝ ስለሌለ አረንጓዴዋን ሽቦ ብልህ መስሎት ከውሃው ቧንቧ ጋር አስሯታል። ቧንቧው ድሮ ብረት ሆኖ መሬት ውስጥ ስለሚገባ ያኔ ምናልባት ይሠራ ነበር። ከመንገድ የሚገባው መስመር ግን በፕላስቲክ ከተቀየረ ቆይቷል። ብረቱ እላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፣ ከአራቱ ቤቶች ቧንቧ ጋር ተያይዞ። ልጁ ይታጠባል፣ እትዬ ይነዘራሉ።

የተሠራው ሥራ ቀላል ነበር። ግቢው ውስጥ የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ተቀበረ፣ ከዚያ ኤርዝ ወደ ማከፋፈያው ተሳበ፣ 30 ሚሊ አምፔር ሲያመልጥ የሚያቋርጥ ብሬከርም ተጨመረ። ይህች ብሬከር ከተራዋ የተለየች ናት፣ ተራዋ ሽቦውን ነው የምትጠብቀው፣ ይህችኛዋ ሰውን። እርቃን ሬዚስታንስ ያለው ሻወር ግን አንዳንዴ ይችን ብሬከር ያለማቋረጥ ይጥላታል፣ ከመጀመሪያውም ስለሚያሾልክ። ስለዚህ ሻወሩም በተሸፈነ ኤለመንት ተቀየረ። ዋጋው ይጨምራል፣ አዎ። ሱቅ ስትገቡ ከዋቱ በፊት የምትጠይቁት ጥያቄ ግን ይሄ ነው፦ «ሬዚስታንሱ የተሸፈነ ነው ወይስ እርቃኑን?» ሻጩ ካላወቀ ክፈትልኝ በሉት።

እንግዲህ ያ ግቢ አሁን የለም፣ ሰፈሩ ፈርሷል። እትዬ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ወጥተዋል። የገቡ ቀን ደውለውልኝ ነበር፣ የአዲሱን ቤት ቧንቧ መጀመሪያ በጨርቅ ይዘው እንደከፈቱት ነገሩኝ።

በነገራችን ላይ ኤርዝ ከሌለ ሻወሩ ጋ ካለው ኒውትራል (የመብራቱ መመለሻ ሽቦ) ጋር የሚያስሩትም አሉ። አታድርጉት። ኒውትራሉ መንገድ ላይ የተበጠሰ ቀን ሙሉ 220ው ውሃው ውስጥ ነው።

«ካላሞቀ ፎርጅድ ነው»

አንዳንዴ ነው። ካርቶኑ 5,500 ብሎ ውስጡ 4,000 የማይሞላ ዕቃ አይቻለሁ። ግን መጀመሪያ ቮልቱን ለኩ። የሻወር ጉልበት ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፣ ከዚያ በባሰ ፍጥነት ነው የሚወርደው። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃ ሲለኩስ 220ው ወደ 190 ከወረደ ያ 5,500 ዋት ወደ 4,100 ይወርዳል። ሩቡ ጠፋ። ዕቃው ምንም አላጠፋም። ጠዋት ደህና ሞቆ ማታ ለብ ካለባችሁ ፎርጅድ ሳይሆን ቮልቴጅ ነው።

ሌላው ደግሞ ሰው ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ይከፍተውና «አያሞቅም» ይላል። ከላይ ያልኩትን አስታውሱ፣ 5,500 ዋት በደቂቃ 3.4 ሊትር ነው የሚያሞቀው። እናንተ 7 ሊትር ካሳለፋችሁበት 16 የነበረው 27 ይሆናል፣ ያ ደግሞ ሐምሌ ላይ ቀዝቃዛ ነው። ቀነስ አድርጉት። ለዚህም ነው ከዕቃው ጋር ቀጭን ቀዳዳ ያላት ትንሽ ፕላስቲክ የምትመጣው፣ ግፊት ለበዛበት ቤት መግቢያው ላይ እንድትገባ። ሁሌ ካርቶኑ ውስጥ ትቀራለች። ልጆች ይጫወቱባታል።

የሙቀት መምረጫዋን ውሃው እየፈሰሰ አታዙሯት። ዘግታችሁ ነው።

«የውሃ ግፊት አያሳስብም»

የት አገር ነው የሚኖረው?

እነዚህ ሻወሮች የሚበሩት ውሃው ራሱ ውስጥ ያለችውን ስስ ላስቲክ ሲገፋት ነው። ካልተገፋች አይበሩም። ለዚያ ቢያንስ ከሻወሩ ራስ እስከ ሮቶው ውሃ ድረስ አንድ ሜትር ከፍታ ያስፈልጋል። ሮቶው 2,000 ሊትር መሆኑ ለዚህ አይጠቅምም፣ ቁመቱ ነው ቁምነገሩ። ብዙ ግቢ ውስጥ ሮቶው ከመታጠቢያው ጣሪያ በላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ ሙሉ ሲሆን ሻወሩ ይበራል፣ ግማሽ ሲሆን ይጠፋል፣ ባለቤቱ ደግሞ ሻወሩን ለማስመለስ መርካቶ ይሄዳል።

ከዚህ የባሰው ፈረቃ ነው። ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚመጣው አየር ነው፣ ቀጥሎ ቡናማ ውሃ፣ ከዚያ ነው ውሃ። ሻወሩ ውስጥ ውሃ ሳይሞላ መብራት ከደረሰው ሬዚስታንሱ በሰከንዶች ይቃጠላል። ስለዚህ ውሃ በጠፋ ቁጥር ብሬከሩን ማውረድ፣ ሲመለስ ቀዝቃዛውን ጥሩ አድርጎ ማፍሰስ፣ ከዚያ ማብራት። የሻወሩን ወንፊትም በየጊዜው አውልቆ ማጠብ፣ ዝገትና አሸዋ ይደፍነዋል። ባለቤቴ ኮምጣጤ ውስጥ ታሳድረዋለች፣ ይሠራል።

እዚህ ላይ ነው ቦይለር ያለ ክብሩ የተሰደበው። ሻወር መብራትና ውሃ በአንድ ጊዜ እንዲኖሩ ይፈልጋል። መሀል አዲስ አበባ ሆኖ ሁለቱን በአንድ ሰዓት ማግኘት ደግሞ… ተውት። ቦይለር ግን ማታ አሙቃችሁት ሌሊት መብራት ቢጠፋ ጠዋት ሙቅ ውሃ አላችሁ። ባለ 50 ሊትሩን 60 ዲግሪ ላይ ካደረሳችሁት ከቀዝቃዛው ጋር ተቀላቅሎ 95 ሊትር ገደማ መታጠቢያ ይወጣዋል። ለማሞቅ በ1,500 ዋት አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፣ የሚወስደውም 7 አምፔር አይሞላም። አሮጌው ሽቦ ይችለዋል። ከምጣድ ጋርም ይስማማል። ቀርፋፋ ነው፣ አዎ፣ ግን ቤታችሁን አያስጨንቅም።

ቦይለርም ችግር አለበት። ውሃ ከጠፋ፣ ሮቶ ከሌላችሁ፣ ሆዱ ሙሉ ሆኖ አንድ ጠብታ አይሰጣችሁም፣ ሙቁን የሚገፋው የሚገባው ቀዝቃዛ ስለሆነ። ከሥሩ ያለችው የግፊት ማስተንፈሻ ስታንጠባጥብ ደግሞ «ፈሰሰ» ብላችሁ አትድፈኗት። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፣ እሷ ባትኖር ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችል ነበር። እሱም ኤርዝ ይፈልጋል፣ አካሉ ብረት ነውና።

ሁለቱም እምቢ ሲሉ ፍልውሃ አለ። ቀልዴን አይደለም። ይሄ ከተማ እኮ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃው አጠገብ ቤት ስላሠሩ የተቆረቆረ ነው፣ ሙቅ ውሃ ያለ ሬዚስታንስ ከመሬት የሚወጣበት ከተማ ላይ ተቀምጠን ነው ስለ አምፔር የምንጨቃጨቀው። መብራት ለሦስት ቀን የጠፋ ጊዜ ፎጣዬን ይዤ ሄጃለሁ፣ ሰፈሩ ሁሉ እዚያ ነበር።

ታዲያ ማን ሻወር ይግዛ? ተከራይቶ ብቻውን ወይ ከትዳር አጋሩ ጋር የሚኖር፣ መታጠቢያ ቤቱ ጠባብ የሆነ፣ ኤርዝና የራሱ መስመር ያለው፣ ከላዩ ደህና ሮቶ ያለው ሰው ይግዛ፣ ባለ 5,500ውን፣ ባለ ሽፋን ኤለመንቱን። ከአራት ሰው በላይ ያለበት ቤት፣ አሮጌ ሽቦ ያለው ቤት፣ ውሃና መብራት የሚሸዋወዱበት ቤት ቦይለሩን ይያዝ። እኔ ቤት? ቦይለር ነው ያለው፣ ባለ 30። ባለቤቴ ትልቁን ትፈልጋለች፣ ሌላ ጉዳይ ነው።

«ማንም ሰው በ20 ደቂቃ ይገጥመዋል»

ባለፈው ወር ልደታ፣ አራተኛ ፎቅ። ባልና ሚስት፣ ዕቃውን ይህንኑ ጽሑፍ አንብበው ነው የገዙት፣ ደግነቱ 7,500ው አልቆ ነው 5,500 የደረሳቸው። ጠዋት 3 ሰዓት ገባሁ። ማከፋፈያው በሩ ጋ ነው፣ መታጠቢያው 11 ሜትር ይርቃል። የነበረው ሽቦ 2.5 ነው፣ አዲሱን 6 በዚያው ቱቦ ልስብ ስል መሀል ላይ ሲሚንቶ ገብቶ ደፍኖታል፣ ስለዚህ ኮሪደሩን ቦርቡሬ ሌላ ቱቦ ቀበርኩ። አቧራው ሶፋው ላይ አረፈ፣ ሚስትየዋ ምንም አላሉም ግን አየሁት። ኤርዙን ለካሁ፣ አለ፣ ግን ማከፋፈያው ውስጥ ብሎኑ ላልቶ ነበር፣ አጠበቅሁት። 32 አምፔሩን ብሬከርና የ30 ሚሊ አምፔሯን ገጠምኩ። የሻወሩ መጋጠሚያ በሸክላ ማያያዣ እንጂ በናስትሮ እንዳይሆን ባልየው ሱቅ ወርዶ እስኪያመጣ ቡና ጠጣሁ። ሳራቺኔስካው (የውሃ መዝጊያው) ዝጎ አልዘጋ ስላለ እሱም ተቀየረ። ውሃ ለቀቅን፣ አየሩ ወጣ፣ ቀዝቃዛውን አፈሰስን፣ አበራን፣ ሞቀ። ስወጣ 9 ሰዓት ሆኗል።

ሻወሯን ራሷን መስቀል? እሱማ 20 ደቂቃ ነው የፈጀው።